ቀለም ቤትን አያድንም

እናቶቼና አባቶቼ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየሠርጉ አዳራሽና በየለቅሶው ቤት አዲስ ወሬ እሰማለሁ። «ልጄ ለኢንቨስትመንት ዲራ ልትገዛ ነው» ይባላል። እሰየው የሚያሰኝ ወሬ ነው። ትናንት አንድ ቤት አግኝቶ ከካራቫን መውጣት ሕልም ለነበረበት ቤተሰብ፣ ዛሬ ልጁ ሁለተኛ ቤት ገዝቶ ሊያከራይ ማሰቡ ትልቅ ነገር ነው። ወሬው ሲቀጥል ግን የሚጠየቀውን ልብ ብላችሁ አድምጡ። ስንት ክፍል ነው? ዋጋው ስንት ነው? ባንኩ ስንት ሰጠ? «የቤቱ ጤንነት እንዴት ነው? ስንት ጥገና ይፈልጋል?» የሚል ጠያቂ እምብዛም አላጋጠመኝም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለኢንቨስትመንት የሚገዛ ቤት የሚያተርፈውም የሚያከስረውም በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ከመፈረም በፊት በተቆጠረው ወይም ባልተቆጠረው ጥገና ነው። ይህን ዕውቀት ደግሞ ለነጋዴዎች ብቻ መተው የለብንም። ለልጁ ቁጠባውን የሚሰጥ አባት፣ በዋስትና የምትፈርም እናት፣ «ዲራሽን ሽጪልኝ» ተብሎ በሯ የሚንኳኳባት አረጋዊት፣ ሁሉም ሊያውቁት ይገባል።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ ቁስል ማጠብ፣ የደም ግፊት መለካት፣ መድኃኒት ማስተካከል ነው። ነርስነት ግን አንድ ነገር ያስተምራል፤ ጥሩ የለበሰ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። የደም ግፊት ፊት ላይ አይነበብም፣ ስኳርም በመልክ አይታወቅም። መለካት ያስፈልጋል። ቤትም እንደዚያው ነው። በሥራዬ ምክንያት ሰው ለእንግዳ የማያሳየውን የቤቱን ክፍል አያለሁ። ከአልጋው ጀርባ የጠቆረውን ማዕዘን፣ ከመታጠቢያው በላይ ያበጠውን ልስን፣ በካርቶን የተሸፈነውን ሶኬት አያለሁ። በዚያው ክፍል ውስጥ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የሚያስል ሕፃን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብ ቤት ውስጥ መኖር ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ጋር የተያያዘ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ ስለ ቤት ብጽፍ ከሥራዬ አልወጣሁም።

ሀብታችን ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው

ናሕሊኤል የሚለው ስም ከኦሪት የመጣ ነው፤ በዘኁልቍ ምዕራፍ 21 ውስጥ እስራኤላውያን በምድረ በዳ ካለፉባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሰፈሩ ከሐዴራ የቆዩ ሰፈሮች አንዱ ሲሆን የመሠረቱትም ከየመን የመጡ ይሁዶች ናቸው። የእኛ ሰዎች በብዛት ወደ እንዲህ ዓይነት ሰፈሮች የገቡት ኋላ ነው። በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ፤ ብዙዎቹ በሆቴልና በካራቫን ቆዩ። ከ1993 ጀምሮ መንግሥት ለቤት መግዣ ልዩ ማሽካንታ ሲሰጥ በገንዘቡ ሊገዛ የሚችለው በአብዛኛው በአሮጌ ሽኩናዎች ያለ፣ ሌላ ሰው ሲኖርበት የቆየ ዲራ ነበር። አገሩ አዲስ፣ ቋንቋው አዲስ፣ ጊዜው አጭር ነበር። ቧንቧውን ማን ያስመርምር? ስንጥቁን ማን ይጠይቅ?

እነዚያ ቤቶች ያን ጊዜም አሮጌ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ጨምረዋል። የብዙ ቤተሰብ ሀብት ተሰብስቦ የሚገኘው እዚያው አንድ ዲራ ውስጥ ነው። አሁን ሁለት ዓይነት ሰው ወደዚህ ቤት እየመጣ ነው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው ባለሀብት ነው፤ የቤቱን እንከን አንድ በአንድ ቆጥሮ ዋጋ ለማውረድ ይመጣል። ሁለተኛው የራሳችን ልጅ ነው፤ ሌላ አሮጌ ዲራ ሊገዛ ሲል ገንዘብና ፊርማ ፈልጎ ይመጣል። የመጀመሪያው እንከን መቁጠር ያውቃል። የእኛው ልጅም እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ብዙ ባለሙያ፣ አንድም መርማሪ

«ታይቷል እኮ! ባንኩ ሰው ልኮ አይቶታል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። እዚህ ላይ ትልቅ አለመግባባት አለ። ባንኩ የሚልከው «ሻማይ» ነው። የሻማይ ሥራ ቤቱ በገበያ ስንት ያወጣል የሚለውን መገመት ነው፤ ባንኩም ይህን የሚፈልገው ለራሱ ብድር መያዣ ነው። ሻማይ ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ አይመረምርም። ጠበቃው የሚያየው ወረቀት ነው፤ ታቡ ላይ ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ያጣራል። ደላላው ደግሞ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው። ሁሉም አስፈላጊ ናቸው፤ ግን አንድ ሕመምተኛ አልጋው ዙሪያ ሦስት ሰው ቆሞለት ሙቀቱን የለካለት እንደሌለ ማለት ነው።

የቤትን አካል የሚመረምረው «ቤዴክ ባይት» የሚባለው ባለሙያ ነው። ዋጋው ጥቂት ሺህ ሸቄል ነው፤ ከሚሊዮን ሸቄል ግዢ አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ነው። ግን ማንም ሰው «ቤዴክ ባይት ነኝ» ብሎ ካርድ ሊያሳትም ስለሚችል በመሐንዲሶች መዝገብ የተመዘገበ መሐንዲስ መሆኑን ጠይቁ። ደላላው ያመጣላችሁን ሳይሆን እናንተ የመረጣችሁትን ውሰዱ። ሪፖርቱንም በጽሑፍ፣ ጥገናው የሚፈጀው ዋጋ ተገምቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

መሐንዲሱ ከመጠራቱ በፊት ግን በዓይን፣ በአፍንጫና በእጅ የሚታወቅ ብዙ ነገር አለ። በዚህ ደግሞ ሽማግሌዎቻችን ከወጣቶቹ ይበልጣሉ። በጎንደር ግንበኝነትና አናጢነት የወገናችን ሙያ ነበር። ምስጥ የበላውን ምሰሶ በጣት አንኳኩቶ የሚያውቅ፣ የሚያፈስ ሣር ክዳን ከዝናቡ በፊት የሚለይ አባት፣ ኮንክሪትንም ማየት አያቅተውም። ልጃችሁ ቤት ሊያይ ሲሄድ አብራችሁ ሂዱ። የሚታየው ይህ ነው።

ውኃ

የቤት ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። ከተቻለ ቤቱን በክረምት፣ ዝናብ በጣለ ማግስት እዩት። የቀለም ሽታ ከተቀበላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ «ለምን አሁን ተቀባ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ካለው እጃችሁን አስቀምጡበት፤ ቅዝቃዜና እርጥበት በእጅ ይታወቃል። ቁም ሣጥኑን ትንሽ ፈቀቅ ለማድረግ ፈቃድ ጠይቁና ከጀርባው እዩ።

እርጥበት ሁሉ አንድ አይደለም። በቀዝቃዛ ማዕዘንና ከቁም ሣጥን ጀርባ የሚወጣ ጥቁር ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ የቤቱ እንፋሎት ከብርድ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ሻጋታ ነው። በመስኮት፣ በአየር ማስወጫና ግድግዳውን ከብርድ በመከላከል ይሻሻላል። ዙሪያው ቢጫ የሆነ ክብ ምልክት፣ ያበጠ ቀለም፣ እንደ ጨው የሚረግፍ ነጭ ዱቄት ግን ውኃ ከውስጥ ወይም ከላይ እየመጣ መሆኑን ይናገራል። ይህ ምንጩ ካልተዘጋ በየዓመቱ ቀለም ብትቀቡት በየዓመቱ ይመለሳል። ትኩሳቱን በእንክብል አብርዶ ኢንፌክሽኑን እንደ መተው ነው።

ብረትና ኮንክሪት

ሐዴራ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከባሕር የሚመጣው ጨዋማ አየር ኮንክሪት ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። የዛገ ብረት ያብጣል፣ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ወደ ሕንፃው ስትገቡ ቀና ብላችሁ የበረንዳዎቹን ሆድ እዩ። የዝገት ቀለም ያለው መስመር፣ የረገፈ ልስን፣ ፍንትው ብሎ የወጣ ብረት ካለ ጥገናው ቀለም አይደለም፤ የመሐንዲስ ሥራ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ብዙ አያስፈራም። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መመርመር አለበት።

የሕንፃውን ዕድሜም ጠይቁ። ከ1980 በፊት ፈቃድ ያገኙ ሕንፃዎች በአብዛኛው አሁን በሚፈለገው የመሬት መንቀጥቀጥ ደረጃ አልተሠሩም፤ በ2005 የወጣው «ታማ 38» የሚባለው ዕቅድ የታሰበው ለእነሱ ነበር። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 ወዲህ ባለው ሕግ ነው በየአዲሱ ዲራ «ማማድ» መሥራት ግዴታ የሆነው። አሮጌ ዲራ ማማድ ከሌለው በጣም ቅርብ የሆነው ሚክላት የት ነው? ተከፍቶ ነው ወይስ በዕቃ ተሞልቷል? አረጋዊ ሰው በደረጃ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? በዚህ አገር ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ቧንቧ፣ መብራት፣ ጋዝ

የመታጠቢያ ቤቱንና የኩሽናውን ቧንቧ በአንድ ጊዜ ክፈቱ። ውኃው ከደከመ ወይም መጀመሪያ ቀልቶ ከመጣ አሮጌው የብረት ቧንቧ ከውስጥ ዝጓል ማለት ሊሆን ይችላል። የመጸዳጃውን ውኃ ልቀቁና የሻወሩ መውረጃ ሲያጉረመርም ወይም ሲሸት አድምጡ። የኤሌክትሪኩን ሰሌዳ አስከፍቱ። ሰው ከመብራት አደጋ የሚያድነው «ፓሕት» አለ? የመሞከሪያውን ቁልፍ ሲጫኑት ይዘጋል? የጋዝ መስመር በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለበት፤ የመጨረሻው መቼ ነበር? ጣሪያ ላይ ያለው «ዱድ ሼሜሽ» ስንት ዓመቱ ነው? የእያንዳንዱ መልስ ገንዘብ ነው።

አስቤስቶስ

በአሮጌ ሰፈሮች በመጋዘን፣ በተጨማሪ ክፍልና በበረንዳ ክዳን ላይ የሚታየው ግራጫ ሞገድ ያለው ጣሪያ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ሳይነካ ሲቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ሲሰበር፣ ሲበሳ ወይም በብሩሽ ሲፋቅ ግን በዓይን የማይታይ ክር ወደ አየር ይለቃል፣ ያም ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት ማንሣት የሚችለው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። «እኔና ወንድሜ ቅዳሜ ማታ እናነሣዋለን» የሚል ወጣት ካለ እባካችሁ አስቁሙት።

የጋራውና የወረቀቱ

ዲራ ስትገዙ አራት ግድግዳ ብቻ አትገዙም፤ የጣሪያውን፣ የደረጃውን፣ የፍሳሹን ድርሻም ትገዛላችሁ። በ1969ኙ የመሬት ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ባለቤት ለጋራው ንብረት ጥገና የማዋጣት ግዴታ አለበት። ስለዚህ የቫዓድ ባይቱን ሰብሳቢ አግኙና ጠይቁ። ጣሪያው መቼ ታደሰ? ያልከፈለ ጎረቤት ስንት ነው? በቅርቡ ትልቅ ሥራ ታቅዷል? ጎረቤቶች ተባብረው ጣሪያቸውን ያስጠገኑበት ሕንፃና ስምንት ቤተሰብ ተኳርፎ ውኃ የሚፈስበት ሕንፃ ዋጋቸው አንድ ሊሆን አይገባም።

ቀጥሎ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዳችሁ የሕንፃውን ፋይል አስወጡ። የተዘጋው በረንዳ፣ የተጨመረው ክፍል፣ ለሁለት የተከፈለው ዲራ በፈቃድ ነው? አንዳንድ ባለሀብቶች አንዱን ዲራ በጂብስ ግድግዳ ከፍለው ሁለት ኪራይ ይሰበስባሉ። ከ2017 ወዲህ በሕገ ወጥ ግንባታ ላይ ቅጣቱ ጠንክሯል፤ የማፍረስ ትእዛዙ ደግሞ ከሻጩ ጋር አይሄድም፣ ቤቱን ይዞ ለሚቀረው ይተርፋል።

ሒሳቡን በእርሳስ እንሥራው

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ቤተሰብ የራሱ ዲራ እያለው ሌላ በ1,000,000 ሸቄል ሊገዛ ነው እንበል። ከኅዳር 2021 ወዲህ ሁለተኛ ዲራ የሚገዛ ሰው የግዢ ግብር ከመጀመሪያው ሸቄል ጀምሮ 8 በመቶ ይከፍላል፤ ይህ 80,000 ሸቄል ነው። ባንክ ለመጀመሪያ ዲራ እስከ 75 በመቶ ቢያበድርም ለኢንቨስትመንት ዲራ ግን ከ50 በመቶ በላይ እንዲያበድር የእስራኤል ባንክ አይፈቅድም። ስለዚህ ከኪስ 500,000 እና ግብሩ 80,000፣ ገና ጠበቃና ደላላ ሳይከፈል 580,000 ሸቄል ያስፈልጋል። ልጁ የራሱ ዲራ ከሌለውና ይህ ብቸኛ ዲራው ከሆነ ሒሳቡ ይቀልለታል። ስለዚህ ቤቱ በማን ስም እንደሚመዘገብ ከጠበቃ ጋር መነጋገር የሚገባው ከፊርማው በፊት ነው።

አሁን ኪራዩ በወር 3,500 ቢሆን በዓመት 42,000 ይሆናል። መልካም። ግን ቧንቧ መቀየር፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ማደስ፣ እርጥበቱን ከምንጩ ማስቆም፣ የጣሪያው መዋጮ ተደምረው 90,000 ቢመጡ ከሁለት ዓመት ኪራይ በላይ በላ ማለት ነው። ጥገናው በሚሠራበት ጊዜ ተከራይ የለም፤ ማሽካንታው ግን ይከፈላል። ይህ 90,000 ከፊርማው በፊት ከታወቀ ከሻጩ ጋር የዋጋ ድርድር ይሆናል። ከፊርማው በኋላ ከታወቀ የእናንተ ዕዳ ይሆናል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ይህን ሒሳብ በደንብ ያውቀዋል። ቤቱን ሲረከብ ውስጡ ስላላለቀ የንጣፉን፣ የቀለሙን፣ የበሩን ወጪ ገና ቁልፍ ሳይቀበል ይቆጥራል። እዚህ ግን ቤቱ ተቀብቶ፣ ታጥቦ፣ ያለቀ መስሎ ስለሚታይ መቁጠሩን እንተወዋለን። ያላለቀ ቤት ቢያንስ አይዋሽም።

የእናት ፊርማ

ለመጻፍ ያስገደደኝ ዋናው ነገር ይህ ነው። ቁጥሩ ሳይሞላ ሲቀር ልጆች ወደ ወላጆች ይመጣሉ። የጡረታ ቁጠባ ይወጣል፤ ወይም ተከፍሎ ያለቀው የወላጆች ዲራ እንደገና ለባንክ መያዣ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት በጽዳት፣ በፋብሪካ፣ በጥበቃ ተሠርቶ የተከፈለ ቤት ነው። አንድ ቀን የአንዲት እናት የደም ግፊት ስለካ ከወትሮው ከፍ ብሎ አገኘሁትና «እማማ፣ መድኃኒቱን አቋርጠዋል?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ መድኃኒቱን ውጫለሁ፤ የፈረምኩት ወረቀት ነው እንቅልፍ የነሣኝ» አሉኝ። በዕብራይስጥ የተጻፈውን ወረቀት ያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ልጅን መርዳት ባህላችን ነው፤ አልቃወምም። ግን ፊርማችሁ ዋጋ አለውና በዋጋው ጠይቁበት። «ልጄ፣ የመሐንዲሱን ሪፖርት አምጣና በአማርኛ አንብብልኝ። የጥገናውን ቁጥር አሳየኝ። ከዚያ እፈርማለሁ» በሉ። ይህ አለማመን አይደለም፤ የሽማግሌ ወግ ነው። በአገራችን ሽማግሌ ነገር ሳያጣራ አይፈርድም ነበር።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሻጭና ገዢ ቡና እየጠጡ በአንድ ገጽ የሚፈርሙት «ዚኽሮን ድቫሪም» ቀላል ማስታወሻ ይመስላል፤ በፍርድ ቤት ግን እንደ ሙሉ ውል ሊያስገድድ ይችላል። ያለ ጠበቃ አትፈርሙ። ውሉ ውስጥ «ቤቱን እንዳለ ተቀብያለሁ» የሚል ቃል መኖሩም የተለመደ ነው። በ1973ቱ የውል ሕግ ሻጭ የሚያውቀውን እንከን ደብቆ ማታለል አይችልም፤ ሆኖም ያንን ለማስረዳት ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ሊያስፈልግ ይችላል። አስቀድሞ ማየት ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

«ብዙ ከጠየቅን ቤቱ ለሌላ ይሸጣል» የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ አንዳንዴ ይሸጣል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ምርመራ የሚፈጀው አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን የማይጠብቅ ሻጭ ምን እንደሚያስቸኩለው መጠየቅ ይገባል። «ግድ የለም፣ በቅርቡ ፒኑይ ቢኑይ ይመጣል፣ ሕንፃው ይፈርሳል» የሚልም አለ። ሊመጣ ይችላል፤ ግን ከዕቅድ እስከ ቁልፍ ብዙ ዓመታት ይወስዳል፣ አንዳንዱም በወሬ ይቀራል። በማዘጋጃ ቤቱ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ጠይቁ። እስከዚያው ድረስ በቤቱ ሰው ይኖርበታል።

ተከራዩም የሰው ልጅ ነው

ቤት የሚያከራይ ሰው ገንዘብ ብቻ አይቀበልም፤ ኃላፊነትም ይቀበላል። በ2017 የወጣው የፍትሐዊ ኪራይ ሕግ ለመኖሪያ የማይሆን ዲራ ማከራየትን ይከለክላል። መብራት፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ፍሳሽ፣ የተፈጥሮ አየር የሌለው፣ ወይም ለጤናና ለደኅንነት አደጋ ያለበት ቤት ለኪራይ አይሆንም። ተከራይ እንከን ሲያሳውቅ ባለቤቱ ቢበዛ በ30 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ በ3 ቀን መጠገን አለበት። ስለዚህ የዛሬው አሮጌ ቧንቧ የነገው የ3 ቀን ጥሪ ነው። እናንተም ተከራይ ከሆናችሁ ይህን ሕግ ያዙት፤ ጥያቄያችሁንም በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቀኑንም መዝግቡ።

ከሕጉ በላይ ግን ኅሊና አለ። በአሮጌ ሽኩና ውስጥ ያለ ርካሽ ዲራ የሚከራየው ማነው? ብዙ ጊዜ አዲስ የመጣ ቤተሰብ፣ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት፣ ጡረተኛ ነው። በሻጋታ ላይ ቀለም ቀብቶ ማከራየት የእነሱን ሳንባ መነገድ ነው። እኛ ራሳችን በዚያ ቤት ውስጥ አድገናል። የሌላውን ልጅ እዚያው ውስጥ አስቀምጠን ትርፍ ብንቆጥር ከማን ተማርነው?

በራችሁ ሲንኳኳ

በመጨረሻ ለሽማግሌዎቻችን። ባለሀብት መጥቶ «ዲራችሁ አሮጌ ነው፣ ሻጋታ አለው፣ ከዚህ በላይ አያወጣም» ሲላችሁ አትደንግጡ። ሻጋታ በጥገና ይወጣል፤ የሸጡት ቤት ግን አይመለስም። ራሳችሁ ገለልተኛ ሻማይ አምጥታችሁ ዋጋውን እወቁ፣ ጥገናው ስንት እንደሆነም አስገምቱ። የፒኑይ ቢኑይ ወረቀት ከሆነ ሕጉ ለአዛውንቶች የተለየ አማራጭ አስቀምጧል፤ በመንግሥት የከተማ ማደስ ባለሥልጣን ውስጥም የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚቀበል ኃላፊ አለ። ልጆቻችሁና ጠበቃ ሳያዩት ምንም አትፈርሙ።

ከመካከላችን መሐንዲሶች፣ ኤሌክትሪሻኖች፣ የሺፑጽ ባለሙያዎች፣ ጠበቆች ወጥተዋል፤ ተመስገን። በየሽኩናችን በዓመት አንድ ምሽት በማኅበረሰብ ማዕከል ወይም በምኩራብ ተሰብስበን ይህንን በአማርኛ ቢያስተምሩን ምን ይጎድላል? ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ቢጠሩ ሰው ይመጣል። እስከዚያው ልጃችሁ «ቤት ላይ ነው፣ ልሂድ» ሲላችሁ ነጠላችሁን ልበሱና አብራችሁ ውጡ። ግድግዳውን ንኩ፣ ማዕዘኑን አሽትቱ፣ ቧንቧውን ክፈቱ። ዋጋውን ወጣቶቹ ይደራደሩ፤ የቤቱን ጤና ግን እናንተ መርምሩላቸው።